«እግዜር ካለ» እና የጀልባዋ ሰዓት

ባለፈው ሰሞን ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። መቼም በዚያ ሰዓት ከውጭ አገር የሚደወል ስልክ ልብ ያስደነግጣል፤ ወይ መርዶ ነው፣ ወይ የሰርግ መዋጮ ነው። ሳየው ኖርዌይ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ ተኝተህ ነበር እንዴ?»

«አልተኛሁም። ምነው፣ ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን። ዕቅድ እያወጣሁ ነው።»

ለዚህ ነው እንግዲህ የደወለልኝ፤ ዕቅድ እያወጣ መሆኑን ሊነግረኝ። በሚቀጥለው የእነሱ በጋ፣ ማለትም በእኛ ክረምት፣ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ የኖርዌይን የባሕር ዳርቻ በመኪና ሊጓዝ አስቧል። መኪናው ደግሞ ተራ መኪና አይደለም። መኝታ አለው፣ ምድጃ አለው፣ የውሃ ታንከር አለው፣ ሌላው ቀርቶ መጸዳጃ ቤት አለው። ፈረንጆቹ ሞተርሆም የሚሉትን እነሱ «ቡቢል» ይሉታል፤ መኖሪያ መኪና እንደማለት ነው። እኛ ዘንድ ለዚህ የሚቀርብ ነገር ያላቸው የቴፒን ቡና ጭነው ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሱት ሾፌሮች ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ሀብታቸው ከወንበሩ ጀርባ ያለችው ጠባብ አልጋና አንዲት ቡታጋዝ ናት።

ልጁ የሚሄድበት መንገድ ቁጥሩ 17 ነው። ስታይንሼር ከሚባል ከተማ ተነስቶ ሰሜን ሰሜኑን ቦዶ ድረስ ይዘልቃል፤ 650 ኪሎ ሜትር ነው። ታዲያ አንድ አመል አለው፤ በመካከሉ ስድስት ቦታ ላይ ይቆረጣል። አስፋልቱ እየሄደ እየሄደ ባሕር ውስጥ ይገባል። እዚያ ላይ ፌሪ፣ መኪና አሻጋሪ ጀልባ ማለት ነው፣ ትመጣለች፤ መኪናውን ከነቤተሰቡ ጭና ወዲያ ማዶ ታወርደዋለች፤ አስፋልቱ ካቆመበት ይቀጥላል። ከስድስቱ አንደኛው መሻገሪያ፣ ከኪልቦግሃምን ወደ የክትቪክ የሚወስደው፣ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ የሰሜን ዋልታ ክበብ የሚባለውን መስመር የሚያቋርጡትም እዚያው ውሃው ላይ ሆነው ነው።

«ታዲያ ዕቅዱ ምኑ ላይ ነው? ነድቶ መሄድ አይደለም ወይ?» አልኩት።

ሳቀብኝ። ከዚያ ሠንጠረዡን ያነብልኝ ጀመር። የፌሪ ሒሳብ በመኪና ርዝመት ስለሆነ መኪናው ስንት ሜትር እንደሆነ ጽፏል። በተራ መንጃ ፈቃድ የሚነዳው እስከ 3,500 ኪሎ ድረስ ብቻ ስለሆነ የውሃውን፣ የልብሱን፣ የልጆቹንና የሚስቱን ኪሎ ሳይቀር ደምሯል (ሚስቱ ይህን መስማቷን ግን እጠራጠራለሁ)። ፌሪዎቹ በአብዛኛው ቦታ አያስይዙም፤ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይሳፈራል። ስለዚህ የእያንዳንዷን መነሻ ሰዓት፣ ከእያንዳንዷ በፊት ስንት ደቂቃ ቀድሞ መድረስ እንዳለበት፣ የመጨረሻዋ ስንት ሰዓት እንደምትነሳ፣ የት እንደሚያድሩ፣ የቆሸሸውን ውሃ የት እንደሚደፉ ሁሉም በየአምዱ ተደርድሯል። ከሁሉ ከሁሉ የገረመኝ የመጨረሻው አምድ ነው። አናቱ ላይ «ካመለጠን» ይላል። ይህቺ ፌሪ ብታመልጠን ቀጣይዋ በዚህ ሰዓት ናት፤ እሷም ብታመልጠን እዚህ ቦታ እናድራለን።

ሰው ለማምለጫው አምድ ሲያዘጋጅ አይቼ አላውቅም።

ሰምቼው ሰምቼው ሳበቃ አንድ ነገር ጠየቅኩት። «ከአዲስ አበባ ማሻም እኮ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ካንተ መንገድ ጋር እኩያ ነው። እናትህን ለማየት መቼ ነው ያቀድከው?»

ዝም አለ። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ ለእሱ እንኳ ዕቅድ አይወጣለትም። እመጣና እንደሁኔታው ነው» አለኝ። ቀጥሎም ሁላችንም የምናውቃትን ዓረፍተ ነገር ጨመረባት፤ «ሐበሻ መቼ ዕቅድ ያውቃል!»

እኔ የምለው... ይህቺን ነገር ማን አስለመደን? በስብሰባ እንላታለን፣ በሰርግ እንላታለን፣ ሰው ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ሲመጣ በይቅርታ ፋንታ እንላታለን። የተፈጥሮ ጉድለት አስመሰልናት፤ እንደ ደም ዓይነት። እስቲ ቆም ብለን እንያት።

ባሕር ባይኖረን ባሕረ ሐሳብ አለን። የገጠር ቄስ ወረቀት ሳይዝ የሚቀጥለውን ዓመት ፋሲካ፣ ከፈለጋችሁም የዛሬ ሃያ ዓመቱን ቀምሮ ይነግራችኋል። ዕቁብ አለን፤ እጣው የሚወጣበት ቀን ዝናብ ቢዘንብ፣ ሰው ቢታመም ዝንፍ አይልም። ገበያ አለን፤ የማክሰኞ ገበያ ረቡዕ ውሎ አያውቅም። እሱ ሁሉ የድሮ ነው ካላችሁኝ ደግሞ አየር መንገዳችን አለ። እ.ኤ.አ. በ1946 የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ካደረገ ጀምሮ ያው ዕቅድ አያውቅም የተባለው ሐበሻ የደቂቃ ሰሌዳ ይዞ አህጉር ያቋርጣል። አንዱ ሰው ቦሌ ውስጥ ደቂቃ ይቆጥራል፤ በሩን ወጥቶ ታክሲ ተራ ሲደርስ ቀን መቁጠር ያቅተዋል። እንግዲህ ከበሩ እስከ ታክሲ ተራው ድረስ ደሙ ተለወጠ?

ስለ ጀልባም ከሆነ፣ ጀልባን አስልቶ መጓዝ ለማሻ ሰው ከኖርዌይ የመጣ ትምህርት አይደለም።

ከጎሬ ወደ ማሻ ስትመጡ ባሮን በድልድይ ትሻገራላችሁ። ብዙ ተሳፋሪ እዚያ ላይ ሲደርስ ተኝቶ ነው የሚያልፈው። ያ ውሃ ወደ ምዕራብ ወርዶ ጋምቤላን ሲያልፍ መርከብ የሚሸከም ወንዝ ይሆናል፤ ከዚያ ሶባት ተብሎ ነጭ ዓባይ ውስጥ ይገባል። አጼ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ላይ በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ተፈቀደ፤ ወርዱ በወንዙ ዳር ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተብሎ። የጋምቤላ ወደብ እንዲህ ተወለደ። ከካርቱም የሚነሱ የእንፋሎት መርከቦች ጨውና አቡጀዲ ይዘው ይመጣሉ፤ የጎሬን ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይዘው ይመለሳሉ። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ እስክትወጣና ጣቢያው ወደ እኛ እስኪመለስ ድረስ ነገሩ እንዲሁ ቀጠለ። ባሕር ያላየ የምዕራብ ሰው ወደብ ነበረው ማለት ነው።

ታዲያ መርከቦቹ ዓመቱን ሙሉ አይመጡም። ወንዙ የሚችላቸው ሲሞላ ብቻ ነው፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ። የዘገየ መርከብ ውሃው ሲሸሽ አሸዋ ላይ ተቀምጦ ሊከርም ይችላል። አያቴ በወጣትነቱ ለጎሬ ነጋዴዎች በቅሎ ይነዳ ነበርና ልጆች ሳለን ይህን ያወራልን ነበር። ቡናው ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ በበጋ ጭቃው ሳይጀምር በበቅሎና በሰው ጫንቃ ቆላ ይወርዳል። ጋምቤላ ሲደርሱ ወንዙ ጎድሎ አሸዋው ይታያል፤ አንድም መርከብ የለም። ቡናውን መጋዘን አስገብተው፣ በባዶ ወንዝ ዳር ጥለው ይመለሳሉ። ከወራት በኋላ ደጋው ላይ ዝናብ ሲወርድ፣ እሱው ውሃ ወርዶ ወንዙን ሲሞላ፣ መርከቡ ይመጣል።

ልጅ ሆኜ የበቅሎዎቹ ስም ነበር ደስ የሚለኝ። አሁን ሳስበው የሚደንቀኝ ሌላ ነው። ስልክ በእጁ ያለው ሰው አልነበረም። የማሻው በቅሎ ነጂ የጎሬውን ነጋዴ፣ ነጋዴው የጋምቤላውን መጋዘን ጠባቂ፣ መጋዘን ጠባቂው የካርቱሙን ካፒቴን አምኖ ነው የሚሠራው። አብዛኞቹ ተያይተው አይተዋወቁም። በመካከላቸው ያለው ነገር ቃል ብቻ ነው፤ ውሃው ሲሞላ እመጣለሁ የሚል ቃል። አያቴ ሠንጠረዥ አልነበረውም፤ ዕቅድ ግን ነበረው። ዕቅዱም ከአክስቴ ልጅ ዕቅድ አንድ ነው፤ ጀልባዋ ባለችው ጊዜ ትመጣለች ብሎ አምኖ ሕይወትን በዚያ ላይ መሥራት።

ስለዚህ ሐበሻ ዕቅድ አያውቅም የሚለውን አልቀበልም። የጎደለን ሌላ ነው። እሱን ደግሞ በመናኸሪያ በር ካልሆነ በደንብ አታዩትም።

የዛሬ ጥቂት ዓመት በጅማና በሚዛን በኩል ወደ ማሻ ለመሄድ ትኬት ቆረጥኩ። «ሌሊት 11 ሰዓት እዚህ ሁኑ፤ አንድ ደቂቃ አንጠብቅም» አሉን። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ሰው ሁሉ ደርሷል፤ ሕፃን ያቀፈ፣ ዶሮ ያንጠለጠለ፣ ጀሪካን የያዘ። አውቶቡሱም አለ። የሌለው መሄድ ነው። ረዳቱ በየሩብ ሰዓቱ ብቅ እያለ «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን!» ይላል። ያ አንድ ሰው ማን እንደሆነ እስከዛሬ አላወቅኩም። አንድ ሲገባ ሌላ አንድ ይቀራል። የወጣነው ጠዋት ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

አጠገቤ አንዲት ወጣት ተቀምጣለች። የተመረቀችበትን ወረቀት በፕላስቲክ ይዛ ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች። በማግሥቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ቴፒ ላይ የሥራ ፈተና አላት። ዕቅድ አላወጣችም እንዳትሉ፤ በደንብ አውጥታለች። አውቶቡሱ ሌሊት 11 ሰዓት ቢነሳ ቦንጋ ያድራል፤ ከቦንጋ ጠዋት ከተነሳ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ቴፒ ይደርሳል። ለምሳ እንኳ ጊዜ ትቷል። እኛ ግን ዘግይተን ስለወጣን ጅማ ላይ መሸብን። የሕዝብ ማመላለሻ ማታ አይጓዝምና እዚያው አደርን። በማግሥቱ ቴፒ ስንደርስ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ሰዓቷን ማየት አቁማ ነበር። ስትወርድ ወረቀቷን ከደረቷ ላይ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው። እንዲያው ዝም ብላ።

ለእሷ «ካመለጠን» የሚል አምድ አልነበራትም። ቢኖራትስ ምን ትጽፍበታለች? ቀጣዩ ፈተና መቼ እንደሆነ ማን ነግሯት?

ሾፌሩን መውቀስ ቀላል ነው። ሾፌሩ ግን ባዶ ወንበር ይዞ ቢወጣ ባለንብረቱ ከደሞዙ ይቆርጥበታል። ባለንብረቱ የነዳጁን፣ የጎማውን፣ የባንኩን ዕዳ ያስባል። ተሳፋሪውም ቢሆን «መቼም በሰዓቱ አይወጣም» ብሎ ዘግይቶ ይመጣል፤ አውቶቡሱም «መቼም በሰዓቱ አይመጡም» ብሎ ይጠብቃል። ሁሉም ልክ ነው፤ ሁሉም ያመካኘው የሌላው ቃል አይታመንም ብሎ ነው። እንዲህ እንዲህ እያልን 11 ሰዓት የሚባለውን ነገር በጋራ ገደልነው። ቀብሩ ላይ ግን ያለቀሰችው አንዲት ልጅ ናት።

አንድ ነገር ከኖርዌዩ መንገድ ልብ ብያለሁ። እዚያ ፌሪዋ የመንገዱ አካል ናት። አስፋልቱን የሚያስጠግነው መንግሥት ፌሪዋም በተባለችው ሰዓት እንድትገኝ ለባለ ጀልባው ውል ያስገባዋል። ከመኪናው ውስጥ ሦስት ሰው ይሁን ሠላሳ፣ ሰዓቷ ሲደርስ ትነሳለች። ሁልጊዜ ትመጣለች ማለት ደግሞ አይደለም። ባሕሩ ሲናወጥ ትቀራለች። ልዩነቱ ስትቀር እንደቀረች መነገሩ ነው። ሰውየው ቡናውን አፍልቶ ሌላ ዕቅድ ያወጣል። እኛ የለመድነው መቅረትን አይደለም፤ «አሁን ይመጣል» የሚለውን ነው። የቀረ ነገር ቁርጡ ታውቆ ቢቀር ግማሽ መፍትሔ ነበር።

ስለዚህ መንገድ ማለት አስፋልት ብቻ አይደለም። በአስፋልቱ ላይ የተነጠፈ ቃልም አለ። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ብዙ አስፋልት አንጥፈናል፤ መመስገን ያለበት ይመስገን። ቃሉን ግን ያነጠፈው የለም።

ለምሳሌ ይቺን ጉዞ ተመልከቱልኝ። ከጅማ ተነስታችሁ ቦንጋ፣ ሚዛን፣ ቴፒ፣ ማሻ፣ ጎሬ፣ መቱ፣ ያዩ፣ በደሌ ብላችሁ ጅማ ትመለሳላችሁ። አንድ ቀለበት ነው። በዚህ ቀለበት ላይና ዳር ዳሩን ዩኔስኮ በዓለም መዝገብ የጻፋቸው አራት የደን ጥብቅ ሥፍራዎች አሉ፤ ካፋና ያዩ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሸካ በ2012፣ መዠንግር በ2017። የቡና አገር ነው፣ የነጭ ማር አገር ነው፣ የቀርከሃ አገር ነው። መቱ አጠገብ የሶር ፏፏቴ አለ። ባሕር የለም እንጂ አረንጓዴው ራሱ ባሕር ነው፤ ከማሻ ወደ ጌጫ ስትሄዱ ጉም ከዛፍ ዛፍ ሲሻገር የምታዩት እንደ ማዕበል ነው። የአክስቴ ልጅ 17 ቁጥር መንገድን የሚሄደው ለማየት ብቻ ነው። ይህኛውን ቀለበት ለማየት ብቻ የሄደ ስንት ኢትዮጵያዊ ታውቃላችሁ? እኛ የምንጓዘው ለለቅሶ፣ ለሰርግ፣ ለንግሥ፣ ለስብሰባና ለቡና ጭነት ነው። «ለምን መጣህ?» ለሚል ሰው «ለማየት» ብትሉት ሰላይ ነው ብሎ ይጠረጥራችኋል።

እሺ፣ ልሂድ ብላችሁ ተነሱ እንበል። የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ስንት ሰዓት ይፈጃል የሚል አይሆንም። መንገዱ ሰላም ነው ወይ? ነው የሚሆነው። እሱን የሚመልስላችሁ የተጻፈ ነገር የለም፤ ያገር ልጅ፣ የሾፌር ጓደኛ፣ ትናንት የመጣ ሰው ትፈልጋላችሁ። ቀጥሎ ነዳጅ የት አለ? ዝናቡ ከባድ ከሆነ የትኛው በኩል ያልፋል? አውቶቡስ በየትኛው ቀን ይነሳል? ዓለም ደኑን በመዝገብ ጽፎታል፤ ወደ ደኑ የሚሄደው አውቶቡስ ሰዓት ግን የተጻፈበት ግድግዳ የለም። ዕቅድ የሰላም ልጅ ነው፤ ነገን ያላመነ ሰው ሠንጠረዥ አይሠራም፤ ስንቅ ነው የሚይዘው።

ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ስለ ባሕር በር በየሻይ ቤቱ ተነጋግረናል። እኔ የዚያን ክርክር ግራ ቀኝ እዚህ አላነሳም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ መርከብ «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን» አይልም። ወደብ ሰዓት ነው። ዕቃህን በቀኑ ካላነሳህ ቅጣቱ በዶላር ይቆጠራል፤ የወደቡ ባለቤት ማንም ይሁን ማን። በር የሚጠቅመው በቀጠሮው ለሚደርስ ሰው ነው። የዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመት በባዶ ወንዝ ዳር ቡናውን አስቀምጦ የመርከቡን ወር የሚጠብቅ ሰው ነበረን። እሱን ሰው መልሰን ካላገኘነው በሩ ቢከፈትም ደጃፉ ላይ መጠበቃችን አይቀርም።

እስካሁን ባለሥልጣን፣ ባለንብረት፣ ሾፌር፣ ረዳት እያልኩ ሰው ስቆጥር ቆየሁ። አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ጳጉሜ ላይ ማሻ ላለችው አክስቴ ደወልኩ። የአክስቴ ልጅ እናት ናቸው፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው። እኔን በልጅነቴ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። «ለመስቀል እመጣለሁ» አልኳቸው። «እውነት?» አሉኝ። «እግዜር ካለ» አልኳቸው።

አልሄድኩም። ምክንያት ነበረኝ? ነበረኝ። ሥራ ነበረኝ፣ መንገዱን ጠየቅኩ፣ አንዱ ሰላም ነው አለኝ፣ አንዱ ቆይ አለኝ። ትንሽም ሰነፍኩ። «አልመጣም» ብዬ ግን አልደወልኩም። «እግዜር ካለ» ብያለሁ አይደል? አለመሄዴ ራሱ መልስ መሰለኝ።

በኋላ ስሄድ ጎረቤት ነገረኝ። አክስቴ በመስቀል ዋዜማ ጠዋት ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው፣ በርጩማ አስወጥተው አውቶቡስ የሚያቆምበት መንገድ ዳር ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው መጣ፤ የለሁበትም። ሁለተኛው መጣ። ዝናብ መጣ፤ የሱቁ በረንዳ ውስጥ ገቡ። ቆጮው ተጋግሮ፣ ማሩ ወጥቶ፣ ቡናው ተቆልቶ ቤት ይጠብቃል። የመጨረሻው አውቶቡስ ሲያልፍ፣ «መንገዱ ይሆናል የያዘው» ብለው በርጩማቸውን አስይዘው ተመለሱ።

እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አስቆሙኝ። እሳቸው ሲቆጡ ሸክኖኖና አማርኛ ይቀላቅላሉ፤ ያን ቀን ግን አልተቆጡም፤ ቀስ ብለው በአማርኛ ብቻ ተናገሩ። «ልጄ፣ መቅረት ያለ ነው። ግን ካልመጣህ አልመጣም በለኝ። በእግዜር ስም አታስጠብቀኝ።»

ያቺ ነገር እስከዛሬ ከሆዴ አልወጣችም። የአውቶቡሱን ረዳት ስረግም የኖርኩ ሰው እኔው ራሴ «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን» ባይ ነበርኩ። እኔ ያልተነሳሁ አውቶቡስ ነኝ። እኔ ቃሉ ያልተነጠፈ መንገድ ነኝ።

«እግዜር ካለ» የሚለው ቃል ጥፋት የለበትም። ሰው ነገን አላውቅም፣ ጌታ ካልፈቀደ አልችልም ማለቱ ትሕትና ነው። አያቴም «እግዜር ካለ» ይል ነበር፤ ግን ብሎ ሲያበቃ ተነስቶ በቅሎውን ይጭን ነበር። ድርሻውን ጨርሶ የቀረውን ለፈጣሪ ይተው ነበር። እኛ ገለበጥነው። የራሳችንን ድርሻ ለፈጣሪ ጥለን እኛ ቁጭ አልን። ሳንሄድ ስንቀር ጥፋተኛው የላይኛው ይሆናል፤ እሱ መቼም ደውሎ አይከራከርም። የመሥሪያ ቤቱ «ነገ ና»፣ የሰፊው «እሑድ ይደርሳል»፣ የአውቶቡሱ «አሁን ይወጣል»፣ የእኔ «እግዜር ካለ» አንድ ቤተሰብ ናቸው። ሁሉም አይሆንም ለማለት አፍረን የምንሰጣቸው አዎንታዎች ናቸው። ይሉኝታ እንላቸዋለን። መንገድ ዳር በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ጠይቁት።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ በዚያው ስልክ ነገርኩት፤ የእናቱን የበርጩማ ታሪክ አልሰማም ነበር። ረዥም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ ና እስቲ ሠንጠረዥ እንሥራ» አለኝ። ለማሻ። በታኅሣሥ፤ ዝናቡ ሲቆም፣ ቡናው ሲለቀም፣ የእሱም ልጆች ትምህርት ሲዘጉ።

አንድ ሰዓት ያህል ሠራን። የመጀመሪያዎቹ ረድፎች በቀላሉ ሞሉ፤ ከኦስሎ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጅማ በአውሮፕላን፤ ሰዓቱ እስከ ደቂቃው። ከጅማ በኋላ ያሉት ረድፎች ባዶ ሆኑ። እሱ መነሻ ሰዓት ይጠይቃል፤ እኔ «ጠዋት» እላለሁ። «ጠዋት ስንት ሰዓት?» ይላል። በመጨረሻ፣ በራሳችን የምንቆርጠውን ብቻ እንጻፍ ተባባልን። መኪና እኛ እንከራያለን፤ ስለዚህ የመነሻውን ሰዓት እኛ ነን የምንወስነው። ከጅማ ማለዳ 12 ሰዓት። ምሳ ቦንጋ። አዳር ሚዛን። በማግሥቱ ጠዋት ቴፒ፣ ከዚያ ማሻ። «ካመለጠን» የሚለው አምድ ላይ እሱ ሲያመነታ እኔ ነገርኩት፤ «መንገድ ቢዘጋ፣ መኪና ቢበላሽ፣ ባለንበት ቆመን ለእናትህ እንደውላለን። እንዳንመጣ እንነግራቸዋለን። ይህን ጻፍ።» ጻፈ።

በነጋታው አክስቴ ጋ ደወልኩ። ልጃቸው እንደሚመጣ፣ እኔም አብሬው እንደምመጣ፣ ቀኑን ነገርኳቸው። እሳቸው ጥቂት ዝም ብለው፣ «ዛሬ ‘እግዜር ካለ’ አላልክም?» አሉኝ።

«እግዜርማ ያኔም ብሎ ነበር፤ የቀረሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ሳቁ። ከዚያ ጎረቤታቸውን እርሳስ እንድታመጣ ሲጠሯት ሰማሁ። ተመልሰው ወደ ስልኩ መጡና፣

«በል ቀኑን ጽፈናል» አሉኝ። «ሰዓቱን ደግሞ ንገረኝ።»